ማኔጅመንት እውነት ብር ያመጣል ወይስ የግድግዳ ፖስተር ነው?

መርፌና_ክር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ስለሚረዝም አስቀድሜ ይቅርታ።

ቤተሰቦቼ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አላቸው፣ ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ እንዳይመስላችሁ 46 ማሽን ነው ያለን፣ የተማሪ ዩኒፎርምና ቱታ እንሰራለን፣ አንዳንዴ ደሞ የሆቴል ጋውን። ቀን ቀን እዛው ነው የምውለው፣ ቅዳሜና እሁድ ኤምቢኤ እማራለሁ፣ መዘዙም የመጣው ከዛ ነው። ሌክቸረራችን "በደንብ የሚመራ ድርጅት ይበልጥ ያተርፋል፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው" ብሎ ስላይዱን አለፈው፣ እኔ ደሞ ሰኞ ጠዋት ይዤው አባዬ ጋ ሄድኩ። አራት ወር ቁጭ ብሎ ሲስተም የሚዘረጋልን አንድ አማካሪ አግኝቼ ነበር፣ የሚጠይቀው ብር ግን ሁለት ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ) ማሽን ይገዛል። አባዬ ሰምቶኝ ሰምቶኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ወረቀት ዩኒፎርም አይሰፋም፣ ማሽኑን እንግዛ"።

ተናደድኩ ግን ማታ ሳስበው ልክ ሊሆንም ይችላል አልኩ። ያተረፈ ድርጅት ስለሆነ ነው ግድግዳው ላይ ቻርት የሚለጥፈው ወይስ ቻርት ስለለጠፈ ነው ያተረፈው? ሀብታም ሰው ጥሩ ጫማ ያደርጋል፣ ጥሩ ጫማ ግን ሀብታም አያደርግም። እኛ ራሳችን የዛሬ ስንት አመት ካይዘን የሚሉትን የጃፓኖቹን የአሰራር ማሻሻያ ሰልጥነን አምስቱ ማ ተለጥፎ ነበር፣ ማጣራት ማስቀመጥ ማፅዳት ማላመድ ማዝለቅ፣ አሁን ላዩ ላይ የባንክ ካላንደር ተሰቅሎበታል፣ ማዝለቅ የሚለው ብቻ ከስር ብቅ ብሎ ይታያል።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄን ነገር በትክክል የፈተነ ሰው አለ? ወሬ ሳይሆን።

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡05

ወንድሜ አባትህ የጠየቁት እኮ ኢኮኖሚስቶቹን ራሳቸውን ስንት አመት ያነታረከ ጥያቄ ነው፣ ሌክቸረርህ ነው የዘለለው። ቴሲሴን በዚሁ ዙሪያ ስለሰራሁ ትንሽ ልቀባጥር፣ አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ኒኮላስ ብሉምና ጆን ቫን ሪነን የሚባሉ ሰዎች 2007 ላይ አንድ ፔፐር አወጡ፣ አሜሪካ እንግሊዝ ፈረንሳይና ጀርመን ውስጥ ያሉ 732 መካከለኛ ፋብሪካዎችን ነው ያዩት። አሰራሩ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ለፋብሪካው ማናጀር ስልክ ይደወላል፣ ግን "ኢላማ አላችሁ? ጥራት ትከታተላላችሁ?" አይባልም፣ እንደሱ ከተባለማ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። ይልቅ "ማሽን ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ፣ እስቲ በቅርብ የተበላሸውን ንገረኝ፣ ከዛስ ማን ጋ ሄደ፣ የት ተፃፈ" እያሉ ያወሩታል። ማናጀሩ ነጥብ እየተሰጠው እንደሆነ አያውቅም፣ ደዋዩም ድርጅቱ ያትርፍ ይክሰር አያውቅም። በ18 ነገር ከ1 እስከ 5 ይሰጡታል። ከዛ ነጥቡን ከሂሳብ መዝገቡ ጋ ሲያገናኙት ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸው ምርታማነታቸውም ትርፋቸውም ከፍ ያለ፣ የመክሰም እድላቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ጥናቱ ሰፍቶ ብዙ አገር ገባ፣ ኢትዮጵያም አለችበት፣ አሜሪካ ከላይ ነች የአፍሪካ አገሮች ወደ ታች ናቸው። ለኔ ግን ከአገር አገር ካለው ይልቅ እዛው አንድ አገር ውስጥ ያለው ልዩነት ነው የገረመኝ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፋብሪካዎች ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ደሞ አለ። መጨረሻ ላይ ማናጀሮቹን "ድርጅታችሁ በደንብ ይመራል ወይ፣ ከ10 ስንት ትሰጡታላችሁ" ይሏቸዋል፣ በአማካይ 7 አካባቢ ነው የሚሰጡት፣ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ከእውነተኛው አፈጻጸማቸው ጋ ግን አይገናኝም። ደካማው ድርጅት ደካማ መሆኑን አያውቅም ማለት ነው።

ግን እስከዚህ ድረስ አባትህ አልተሸነፉም። የጫማው ጥያቄ እንዳለ ነው። እሱን የመለሰው ህንድ ላይ የተደረገው ነው።

እነ ብሉም ሙምባይ አካባቢ ጨርቅ የሚሸምኑ 17 ድርጅቶች ወስደው በእጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለሁሉም አንድ ወር ምርመራ ተደረገላቸው፣ ከዛ በእጣ የወጣላቸው ብቻ አራት ወር አማካሪ እግራቸው ስር ቁጭ ብሎ አሰራራቸውን አስተካከለላቸው። 38 ነገር ነው፣ ሮኬት ሳይንስ የለበትም፣ የክሩን ክምችት መመዝገብ፣ ማሽን ሳይበላሽ ቀድሞ መጠገን፣ የጨርቁን እንከን በአይነት በአይነት መፃፍ፣ ጠዋት ጠዋት ተሰብስቦ እሱን ማየት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። በመጀመሪያው አመት ምርታማነት በ17 በመቶ ጨመረ። በእጣ ስለሆነ "ድሮም ሀብታም ስለነበሩ ነው" አይባልም።

አማካሪው ነፃ ነበር፣ በገበያ ዋጋ ለአንዱ ድርጅት ወደ 250 ሺህ ዶላር ይመጣ ነበር፣ ተመራማሪዎቹ ያሰሉት የትርፍ ጭማሪ ደሞ በአመት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አደራ ግን፣ እነዛ ድርጅቶች በአማካይ 270 ሰራተኛ አካባቢ ያላቸው ናቸው፣ ያንተን 46 ማሽን ቀጥታ በዚህ እንዳትለካው።

---

መርፌና_ክር · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

እህቴ በል ሃሃሃ። አመሰግናለሁ ግን፣ በጣም። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይሄን ያህል የሚያተርፍ ከሆነ ባለቤቶቹ እስከዛ ድረስ ለምን አላደረጉትም? ሞኝ ናቸው ማለት ነው? አባዬ ሞኝ አይደለም፣ ከሁለት የእግር ፔዳል ሲንገር ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው።

---

ቢሮ_ቁጥር_12 · ረቡዕ፣ ረፋድ 4፡30

እኔ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ ስለ ማኔጅመንት ከኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ቢፒአር የሚሉት የአሰራር ለውጥ መጣ፣ ግድግዳ አፍርሰን ሁላችንንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ከተቱን። ከዛ ቢኤስሲ የሚሉት የስራ መመዘኛ፣ ውጤት ተኮር ምናምን ተባለ። 1 ለ 5 ተባለ። ከዛ ካይዘን መጣና የድሮ ፋይሎች ወደ ምድር ቤት ወረዱ፣ እስካሁን እዛው ናቸው፣ ባለጉዳይ የ1998 ፋይል ሲጠይቅ በስልካችን ባትሪ እየወረድን ነው የምንፈልገው። የእቅድ አፈጻጸማችን ግን ከ96 በመቶ ወርዶ አያውቅም። አሻራ ተገጠመልን፣ ጠዋት 2፡30 ሁሉም አሻራ ይሰጥና ሻይ ይወጣል፣ 11፡30 ተመልሶ አሻራ ይሰጥና ይሄዳል። ሲስተሙ ላይ ስታዩን አንድም ቀሪ የለም።

እና ይሄ 17 በመቶ ምናምን የምትሉትን ህንዶች ይብሉት። አባትሽ ልክ ናቸው፣ ማሽኑን ይግዙ።

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡20

እህቴ ይቅርታ ሃሃ።

ወንድሜ ቢሮ 12፣ ያንተ ቤት በጥናትም አለ እኮ። ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮገር የሚባሉ ተመራማሪዎች ናይጄሪያ ፌደራል መንግስት ውስጥ 63 መስሪያ ቤቶችና ከ4,700 በላይ ፕሮጀክቶችን አዩ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ ወይ፣ ትምህርት ቤቱ ተሰራ ወይ፣ ጥራቱስ እያሉ። ሰራተኛው በራሱ እንዲወስን ነፃነት የሚሰጡት መስሪያ ቤቶች ብዙ ፕሮጀክት ጨርሰው ተገኙ። ቁጥጥርና ማበረታቻ የሚያበዙት ደሞ ያነሰ። ይሄኛው በእጣ የተሰራ ስላልሆነ እንደ ህንዱ እርግጠኛ ሆኜ አልከራከርበትም፣ ግን የናንተን አሻራ ሳስብ ይገባኛል። የሸሚዝ ስፌት ቁጭ ብለህ ትቆጥረዋለህ፣ የባለጉዳይን ጉዳይ በምን ትቆጥረዋለህ? መቁጠር ያልቻልከውን ትተህ አሻራ ትቆጥራለህ። ስለዚህ ፋብሪካ ላይ የሰራው ቢሮ ላይ ካልሰራ ፋብሪካ ላይም አይሰራም ማለት አይደለም።

አሁን የእህታችን ጥያቄ። ሞኝ አይደሉም። የህንዶቹ ባለቤቶች ሲጠየቁ አንዳንዱን ነገር ጭራሽ ሰምተውት አያውቁም፣ የሰሙትን ደሞ "ለኛ አይጠቅምም፣ ጥራታችን ከጎረቤት አያንስም" ነበር መልሳቸው። ጎረቤቱም እንደነሱ ስለሆነ አያንስም። ሌላው ነው የሚያሳዝነው። እዛ አካባቢ አንድ ድርጅት ምን ያህል እንደሚያድግ በደንብ የሚተነብየው የባለቤቱ ጉብዝና ሳይሆን ቤተሰቡ ውስጥ ያሉት ወንዶች ቁጥር ነው። ወንድምና ልጅ ካለህ ሁለተኛ ፋብሪካ ትከፍታለህ፣ ከሌለህ አትከፍትም፣ ምክንያቱም ባዳ ይሰርቀኛል ብለህ ቁልፍ አትሰጥም። የሴት ልጆቹን ነገር ደሞ አንቺው ጨምሪበት።

---

ሳሪስ_ላይን_3 · ረቡዕ፣ ቀን 9፡50

ማኔጅመንት ማኔጅመንት ትላላችሁ ሰራተኛው እኮ በወሩ ጥሎሽ ይሄዳል!! እኔ ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ አንድ ልጅ ኮሌታ መስፋት ለማስተማር ሶስት ሳምንት ይፈጃል፣ በአራተኛው ስልኳን ትዘጋለች

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

@ሳሪስ እሱም ተጠንቷል፣ እዚሁ እኛው አገር። ብላትማንና ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች አምስት ድርጅቶች ላይ ከአመልካቾቹ መሀል ማን ስራውን እንደሚያገኝ በእጣ እንዲሆን አደረጉ። ከተቀጠሩት አንድ ሶስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ በአመቱ 77 በመቶ ለቀዋል። የፋብሪካ ስራ ያገኙት ካላገኙት የበለጠ ገቢ አላገኙም፣ የጤና ችግር ግን ጨመረባቸው። ስለዚህ ስልኳን ስትዘጋ ሰንፋ ላይሆን ይችላል፣ ሂሳቡን ሰርታው ነው።

---

እትዬ_ስቶር · ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

ልጄ የኔን ስሚኝ፣ ስፅፍ ብሳሳት ደሞ አትሳቁብኝ፣ ስልኩ የልጄ ነው።

አንድ ትልቅ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 22 አመት ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሞዴል 19 ስቀበል፣ 20 ስጠየቅ፣ 22 ሳወጣ ጣቴ ቀለም እንደነከረ ነው ጡረታ የወጣሁት። ወረቀት ዩኒፎርም አይሰፋም ያሉት አባትሽ፣ እሳቸውን አልቃወምም፣ ወረቀት ብቻውን አይሰፋም። ግን እኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

እኛ ጋ ኩሺኔታ የሚባለው የማሽን መለዋወጫ ሁሌ የለም። ማሽን ይቆማል፣ መካኒኩ ይመጣል፣ "እትዬ ኩሺኔታ"፣ ካርዱን አያለሁ፣ ዜሮ። ግዥ ይላካል፣ መርካቶ ተኪዶ ይመጣል፣ ሁለት ቀን። ካይዘን የመጣ ጊዜ ማጣራት ብለው ሎከር ሁሉ ይከፈት ተባለ፣ መካኒኮቹ ፊታቸው ጠቆረ፣ ለካ እያንዳንዱ ሎከሩ ውስጥ ኩሺኔታ ደብቋል። ሌባ ሆነው አይደለም። ስቶር ስለማይገኝ የኔ ማሽን እንዳይቆም ብሎ አንዱ ሁለት ወስዶ ያስቀምጣል፣ እሱ ስለወሰደ ደሞ ስቶር አይገኝም፣ ሌላውም ይሄን አይቶ ይደብቃል። ስንሰበስበው ሶስት ጆንያ ሞላ። ሶስት ጆንያ ልጄ! ግማሹ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ። እኔ ያን ሁሉ አመት ዜሮ ዜሮ ስል አገሩ ሙሉ ኩሺኔታ ነበር።

ከዛ በኋላ አንድ አመት ተኩል አካባቢ ምን የመሰለ ስራ ተሰራ፣ መካኒኩ ካርዱን ራሱ ያያል፣ አምስት ሲቀር ቀዩን ወረቀት አዙሮ ይሰቅለዋል፣ እኔ ቀዩን ሳይ ለግዥ እነግራለሁ። ከዛ ማናጀሩ ተቀየረ። አዲሱ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ቆሞ ቀዩን ወረቀት የሚያይ እሱ አልነበረም። ስድስት ወር ሳይሞላ ሎከሮቹ ተቆለፉ።

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ረቡዕ፣ ማታ 4፡45

እትዬ የርስዎን ፖስት ለተማሪዎቼ ባነበው ደስ ይለኛል፣ ከፈቀዱልኝ።

ለምን መሰላችሁ፣ ተመራማሪዎቹ ህንድ የነበሩትን ፋብሪካዎች 2017 ላይ ተመልሰው አይተዋቸው ነበር፣ ስምንት ዘጠኝ አመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ያስለመዷቸው አሰራሮች ግማሽ አካባቢው ተጥሏል። ለምን ተጣለ ሲባል ያገኙት ዋና ምክንያት እትዬ ያሉት ነው፣ የፋብሪካ ማናጀሩ ሲቀየር፣ ወይ ባለቤቱ ጊዜ ሲያጣ። ግማሹ ግን ቀርቷል፣ ካልሰለጠኑት ጋ ያላቸው ልዩነትም አሁንም አለ፣ እዛው ድርጅት ውስጥ ወዳሉ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተዛምቷል።

እኛም አገር ካይዘን የገባው በዋዛ አልነበረም፣ አቶ መለስ ጃፓኖቹን ጠይቀው ጃይካ የሚባለው የጃፓን የልማት ድርጅት 2009 ላይ ሙከራውን ጀመረ፣ 30 ድርጅት ነበር የተመረጠው፣ 2011 ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። የኛ ነገር ግን ስልጠናውን እንቆጥራለን፣ ይሄን ያህል ሺህ ሰው ሰለጠነ እንላለን፣ ከአምስት አመት በኋላ ተመልሶ ሎከሩን የሚከፍት የለም።

እህቴ ስለ ዋጋው ደሞ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የመኪና እቃ የሚሰሩ ድርጅቶች ላይ ለያንዳንዱ ለብቻው አማካሪ ከመስጠትና በቡድን ከማማከር የትኛው ይሻላል ብለው ሞክረው ነበር፣ የቡድኑ ዋጋ ሲሶ ያህል ነው፣ ውጤቱ ግን ከብቸኛው አላነሰም። ሰፈራችሁ ውስጥ እንደናንተ ያሉ አራት አምስት ስፌት ቤቶች ካሉ አብራችሁ አንድ ሰው ያዙ።

---

መርፌና_ክር · ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

እትዬ ኩሺኔታው ገደለኝ።

ቀይ እስክሪብቶ ያ የቁልፉን ነገር ስትፅፍ ስልኬን አስቀምጬ ነው የሳቅኩት። የክርና የዚፕ ቁምሳጥን ቁልፍ አባዬ ኪስ ውስጥ ነው። ሁሌም። ለቅሶ ሲሄድ ቁልፉም አብሮት ለቅሶ ይሄዳል። ዛሬ አንድ ደብተር አወጣሁና ማሽን በቆመ ቁጥር ሰአቱንና ምክንያቱን መፃፍ ጀመርኩ፣ ሲስተም ምናምን የለውም፣ የ50 ሉክ ደብተር ነው። አማካሪውን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ኦቨርሎኩንም እንዳይገዛ ሁለት ሳምንት ለምኜዋለሁ።

---

ቢሮ_ቁጥር_12 · ሐሙስ፣ ማታ 2፡25

የአሻራ ማሽንም ግዢለት ሃሃሃ

---

መርፌና_ክር · ከ12 ቀን በኋላ

ምን ደረስሽ ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልፃፍ።

ደብተሩ ሞላ ማለት ይቻላል። መብራት ይሆናል አንደኛው ብዬ ነበር፣ መብራት ሁለተኛ ነው። አንደኛው "ክር የለም" ነው፣ ክር ግን አለ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አምስት ጊዜ፣ ማክሰኞ ለት 35 ደቂቃ አንድ ላይን ሙሉ ዘጠኝ ሰው ቁጭ ብሎ አባዬን ሲጠብቅ፣ አባዬ ደሞ ጎማ ቤት ነበር። ኦቨርሎኮቹ አንድ ላይ የተጨናነቁት በ12 ቀን ሁለቴ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ቢገዛ ኖሮ እሱም ቆሞ ክር ይጠብቅ ነበር።

አልጨቀጨቅኩትም፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለስ ደብተሩን ቡናው አጠገብ አስቀመጥኩለት። መነፅሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። "ይሄ ማክሰኞ፣ እኔ ነኝ?" አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። ዝም አለ። ከዛ "እና ማን ይዞት ይዋል ነው የምትይው?" አለኝ።

ለብርቄ ሰጠናት፣ 11 አመት አብራን የሰራች ነች። የክሩንና የዚፑን ብቻ ነው ደሞ፣ የጨርቁን ቁልፍ "ሞቼ ነው" ብሏል፣ እሱን ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ። ኦቨርሎኩም አልቀረም፣ አንድ እንግዛ ነው አሁን የሚለው፣ ሁለት የነበረው ማለት ነው።

እትዬ ካሉ አንድ ጥያቄ፣ ያ ቢን ካርድ የሚባለው፣ የስቶሩ የክምችት ካርድ፣ መርካቶ የት ጋ ነው የሚገኘው? ሁለት ቤት ጠይቄ ሞዴል 22 ብቻ ነው ያለን አሉኝ።

---

እትዬ_ስቶር · በማግስቱ፣ ጠዋት 12፡50

አትግዢ ልጄ። የክሩን ካርቶን ቁረጪና በቀዳዳ ክር አስገብተሽ መደርደሪያው ላይ እሰሪው፣ በአንድ በኩል ገቢ ወጪ ቀሪ ብለሽ አስምሪ፣ ጀርባውን ቀይ ቀቢው። እስክሪብቶውንም እዛው እሰሪው፣ አለበለዚያ በሁለተኛው ቀን አታገኚውም።